ከድንጋዩ ወዲያ ማዶ

ባለፈው ሰሞን እዚሁ እስራኤል፣ ርሖቮት ከተማ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ ድሮ ፈረንጅ በጎንደር ገጠር ያነሳቸውን ፎቶዎች ሰቅለው ነበር። የመንደራችንን ዓይነት መንገድ አያለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አንዱ ፎቶ ላይ እንስራ ያዘሉ ሴቶች በመንገዱ ያልፋሉ። ከመንገዱ ዳር ዙሪያዋን ድንጋይ የተደረደረላት ትንሽ ጎጆ አለች፤ በሯ ላይ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው ይስቃሉ።

አስጎብኚዋ ወጣት ናት። ወደ ሁለቱ እያመለከተች በዕብራይስጥ «እነዚህ ከመንደር የተባረሩ ናቸው» አለች።

ደሜ ፈላ።

«ማን አባረረን?» አልኳት። «ይቺ የመርገም ጎጆ ናት፤ እኛ የቤተ እስራኤል ሴቶች የወር አበባ ሲመጣብን የምንገባባት። እኔም ገብቼባታለሁ። ቤተሰቦቻችን ምግባችንን ድንጋዩ ላይ አስቀምጠውልን ይመለሳሉ። ወንድ ድንጋዩን አያልፍም። ዝናብ ሲጥል ያፈስብናል፣ አልዋሽም። ግን ወፍጮ የለ፣ እንጨት ለቀማ የለ። እናቴ ወገቧ ሲያርፍ ያየሁት እዚያ ብቻ ነው!»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ፣ እሺ» አለችኝ፣ እንደ በሽተኛ ትከሻዬን እየዳበሰች። ጎብኚዎቹም ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። ለእኔ! ሴቶቹ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ፣ የሚታዘንልን እኛ ሆንን!

ፎቶውን በጣቴ መታሁት።

«ድንጋዩ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ ናቸው። ፎቶ አንሺው የት እንደቆመ አይታይሽም? እንዳይገባ የተከለከለው እሱ ነው!»