ገብስ የለበሰው ወታደር

ባለፈው ጥቅምት ከኮን በአውቶቡስ ተሳፍሬ ወደ ላሊበላ ስመለስ መስኮቱ ላይ ተለጥፌ ቀረሁ። ገብሱ ሊወይብ ነው፤ አረንጓዴው ለቆታል፣ ቢጫው ገና አልያዘውም። እንዲህ ሆኖ የሚቆየው ቢበዛ አንድ ሳምንት ነው። «እትዬ፣ የጠፋብዎት ነገር አለ?» አለችኝ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ። ሳቄ መጣ። ምን ብዬ ልመልስላት?

ነገሩ የወጣትነቴ ነው። ደርግ ወድቆ ቱሪስት ወደ ላሊበላ መመላለስ በጀመረበት ዘመን፣ ወንድሜ ሲሳይ ከወይራ እንጨት ጣት የሚያህሉ ሰዎች ይቀርጻል፣ እኔ ቀለም እቀባለሁ። አባታችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠሪ ስለነበር ቀለም መበጥበጥ ከእሱ ለምጃለሁ። በዚያ ላይ አንዲት ፈረንጅ ስትሄድ አንድ ሳጥን አክሪሊክ ቀለም ትታልኝ ነበርና ራሴን እንደ ሊቅ ነበር የማየው። እናቴ ግን፣ የቄስ ልጅ ናትና፣ ቅርጾቹን ባየች ቁጥር «እነዚህን ጣዖታት ከዐይኔ አርቁልኝ!» እያለች ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ታዞራቸው ነበር።

አንድ ሐምሌ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል፣ አስር አለቃ ይመር መጡ። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ በጃንሆይ ጊዜ ኮሪያ ዘምተዋል። ከጋቢያቸው ሥር ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አወጡ፤ ረጅም ካፖርት የለበሱ ሁለት ወጣቶች።

«ይኼ እኔ ነኝ። ይኼ ሞላ ነው፤ ቆስዬ ወድቄ በጀርባው አዝሎ ያወጣኝ። እሱ ግን አልተመለሰም። ዐይኔን ሞራ እየሸፈነው ነው፣ ልጄ። ጨርሶ ሳይዘጋ ሞላን በዚያ ካፖርት አንዴ ልየው።»

«ቀለሙ ምን ነበር?» አልኳቸው።

«ገብስ ሊወይብ ሲል አይተሻል? እሱን ነው። የሰጡን ለት ሞላ ‹የእናቴን ማሳ አለበሱኝ› ብሎ አስቆናል።»

እኔ ደግሞ ችኩል ነበርኩ። ጥቅምትን ማን ይጠብቃል? ሲሳይ ቀረጸ፣ እኔ በግምት ቀባሁ። ርጥብ ሳለ ያማረው ሲደርቅ ጭቃ ይመስላል። ፍቄ እንደገና ቀባሁት፣ ደግሞም ፋቅሁት። በመጨረሻ ሲሳይ ሰልችቶት፣ «አንቺ፣ የሽማግሌው ዐይን እንደሁ አያይ፤ ይኸው ነው በያቸውና እንገላገል!» አለኝ። እኔም ሰማሁት። በጳጉሜን ይዤላቸው ሄድኩና ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ «ከገብስ ጋር አስተያይቼዋለሁ» አልኩ።

አስር አለቃ ቅርጹን ወደ በሩ ብርሃን ይዘው ሄዱ፤ ከቅንድባቸው ጋር አስጠጉት። ከዚያ ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ገብሱ እኮ ገና ሣር ነው። ከየትኛው ገብስ ጋር አስተያየሽው?» አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። የገበሬ አገር ልጅ ሆኜ ወሩን ልርሳ! እሳቸው አልተቆጡም። ጠላና ቆሎ አቀረቡልኝና፣ «እኔን ብታታልዪኝ ግድ የለም፤ ሞላን ግን ያልለበሰውን አታልብሺው» አሉኝ ብቻ። ቅርጹን ይዤ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ጥቅምት ሲገባ ቀለሜንና አንድ አሮጌ ሳህን ይዤ ማሳቸው ዳር ከተምኩ። አባቴ «ቀለም ርጥቡን አይታመንም» ይል የነበረው ያኔ ነው የገባኝ። ቢጫ ላይ ጥቁር ጠብ ሲል አረንጓዴ ይወጣዋል፤ ያ አረንጓዴ ደግሞ በጥቂት ቀይ ይሰክናል። አክሪሊክ ሲደርቅ ስለሚጠቁር፣ ከማየው ፈካ አድርጌ እበጠብጥና የአውራ ጣቴን ጥፍር ቀብቼ በፀሐይ አደርቃለሁ፤ ከዚያ ጥፍሬን ከገብሱ ዛላ ጎን አስጠጋለሁ። በአምስተኛው ቀን ጥፍሬና ገብሱ አንድ ሆኑ። ሞላን ቀብቼ፣ እስኪደርቅ ጠብቄ፣ ወደ ቤታቸው ሮጥኩ።

ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ስጠራቸው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ፤ ዐይናቸው ግን እኔ ላይ አላረፈም። ሞራው ጨርሶ ዘግቶታል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ቀለሙን እንዳያዩት ሆኑ፤ ብነግራቸውም አንዴ ዋሽቻቸዋለሁና እንዴት ይመኑኝ?

«አገኘሽው?» አሉኝ።

«አገኘሁት፣ አስር አለቃ። በእግዜር እምላለሁ!»

«መሐላውን ተዪው። ማሳው ውስጥ አስገቢኝ።»

እጃቸውን ይዤ አስገባኋቸው። ቅርጹን ተቀበሉኝና «ዙሪ» አሉኝ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው። ገብሱ ጥቂት ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። ከዚያ ቁጢጥ ብለው፣ «በይ ፈልጊው። ከእኔ አልራቀም» አሉ።

ዛላውን እየገለጥኩ ፈለግሁ። በፊታቸው አለፍኩ፣ በጀርባቸው አለፍኩ፣ ተንበረከክሁ። እሳቸው ጆሯቸውን ወደ እግሬ ኮቴ አዘንብለው ያዳምጣሉ።

«አሁን አለፍሽው» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እንደገና አለፍሽው!» አሉ።

«አጣሁት፣ አስር አለቃ።»

«እንግዲያማ ሞላ ነው!»

እጃቸውን ሰደድ አድርገው ከጉልበታቸው አጠገብ በደረቱ የተኛውን ወታደር አነሡት፤ ሳሙትና ብብታቸው ውስጥ ከተቱት። እኔም እሳቸውም እያለቀስን ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ስንት የተማረ ሠዓሊ አይቻለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ቀለም ዐዋቂ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ያኔ ቢቆጡኝ ኖሮ ሙያውን እተወው ነበር ብዬም አስባለሁ።

«አንድ ወታደር ጠፍቶብኝ ነበር» አልኳት አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችውን ልጅ። «እዚህ ገብስ ውስጥ።»

አልሳቀችብኝም። አንገቷን አስግጋ፣ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን እስኪጨርስ ድረስ አብራኝ ፈለገች።

«እኔም አላየሁትም፣ እትዬ» አለችኝ፣ ከልቧ አዝና።

«እሰየው!» አልኳት።