የበከር ደም ጨመረ

ዘሀራ ሆስፒታል መመላለስ ሰልችቷታል። ሰልችቷታል ማለት እንኳ ያንሳል፤ ከጌጃ ሰፈር እስከ ታክሲው ባሏን ደግፋ በሄደች ቁጥር፣ ለሁለቱም የምትራመደው እሷ ብቻ የሆነች ይመስላታል።

ባሏ በከር ልብስ ሰፊ ነበር። ሃያ ስምንት ዓመት ሱሪ ሲያሳጥርና ኮት ሲያጠብ ኖሮ፣ በ2009 ዓ.ም. መቀሱ ከእጁ ይወድቅ ጀመር። ቀጥሎ እግሩ ከዳው፣ ከዚያ ምላሱ ከበደ። ጡንቻን የሚያዙት ነርቮች አንድ በአንድ የሚሞቱበት በሽታ ነው ተባለ። መድኃኒቱን ሲጠይቋቸው ሐኪሙ መነጽራቸውን አውልቀው መወልወል ያበዙ ነበር። በየሦስት ወሩ ግን ለጥናት ተብሎ ደም ይቀዳል፤ ደሙ ውጭ አገር ሄዶ ተመርምሮ፣ ውጤቱ በቁጥር ይመጣል።

"እኔ ፓስፖርት የለኝም፣ ደሜ ግን አውሮፓን አዳረሰ" ይል ነበር በከር።

በ2010 መጋቢት ላይ ውጤት ሊሰሙ ሲሄዱ ሐኪሙ አልነበሩም። ነርሷ ወረቀቱን አየት አድርጋ፣ "ካለፈው ጨምሯል፤ ዝርዝሩን በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩ ይነግሯችኋል" አለቻቸው።

ጨምሯል! በእነ ዘሀራ ሰፈር ሰው የሚፈራው ደም ማነስን ነው። ሲያንስ ቀይ ሥርና ጉበት ይበላል፤ ሲጨምር አልሐምዱሊላህ ይባላል። እሷም አለች። በየቀኑ ያስጠጣችው የቀይ ሥር ጭማቂ መሥራቱ ነው ብላ፣ ያን ዕለት ሁለት ኪሎ ጨምራ ገዛች። ማን ይፈርድባታል?

ጣጣው ከዚህ በኋላ ነው የመጣው። የልጃቸው የፋይዛ ኒካህ ለዚያው ወር መጨረሻ ተቆርጦ ነበር። በከር ወሊዋ፣ ማለትም የሚድራት አባቷ፣ ነውና "ልጄን ድሬልሃለሁ" የሚለውን ቃል ለሙሽራው የሚሰጠው እሱ ነው። ከዱንያ የቀረው ምኞት ይኸው ብቻ ነበር። ያኔ ንግግሩ ቢጎተትም ይሰማ ነበር። ዘሀራ ግን "ደሙ እየጨመረ ነው፤ ትንሽ ይጠንክርና ቆሞ ይዳራት" አለችና ኒካሁን ከአረፋ በኋላ አስባለችው። በከርም በደስታ ራሱን ነቀነቀ።

ሰኔ ላይ ቀጠሮው ደረሰ።

"ዶክተር፣ አሁንስ ስንት ጨመረ?" አለች ፈገግ ብላ።

ሐኪሙ ፈገግታዋን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ። "እናቴ፣ የምንለካው የደሙን መጠን አይደለም" አሏት። "ነርቭ ሲፈርስ ወደ ደም የሚለቀው ፕሮቲን አለ። እሱ ጨመረ ማለት ነርቩ እየፈረሰ ነው ማለት ነው። የእሳቸው ደግሞ በጣም እየፈጠነ ነው።"

"ሲጨምር እየቀነሰ ነው በሉኛ!"

በከር አጠገቧ ተቀምጦ ይሰማል። ልትዞርና ልታየው አልደፈረችም።

ኒካሁ በዚያው ሳምንት ጁምዓ፣ ከሶላት መልስ ሆነ። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፤ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኑ። ሼህ አብዱልሃሚድ የሙሽራውን የኑሪን እጅ ከበከር እጅ ጋር አገናኙ። በከር አፉን ከፈተ። የወጣው ድምፅ ግን የታፈነና የተድበሰበሰ ነበር።

"እስቲ ይድገሙልን" አሉ ሼሁ።

ደገመው። ላቡ በግንባሩ ወረደ።

ሼሁ ወደ ሁለቱ ምስክሮች ዞረው፣ "ሰማችሁ?" ሲሉ ምስክሮቹ አቀረቀሩ። ኒካህ ላይ አይዋሽም።

ዘሀራ ከመጋረጃው ወዲያ ሙሉውን ሰምታዋለች። ውሃ ሲል፣ አገላብጪኝ ሲል፣ እግሬን አልብሺኝ ሲል ከእሷ ሌላ ማን ይሰማዋል? የእሷ መስማት ግን ለምስክርነት አልተጠየቀም።

"ወንድምዎን ሙስጠፋን ወክለዋል?" አሉት ሼሁ በለሆሳስ። በከር በእሺታ ራሱን ዝቅ አደረገ። ሙስጠፋ ቃሉን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው፤ ኑሪም ተቀብያለሁ አለ።

ሴቶቹ እልል ሲሉ ዘሀራ መጋረጃውን ጨብጣ ቀረች። በመጋቢት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ይሰሙት ነበር።