ዘግይቶ የደረሰው ብርዝ

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ወረታ ከተማ በሚገኝ አንድ የአዝማሪ ቤት ውስጥ፣ ራሴ የፈጠርሁትን ውሸት በአዝማሪ አፍ አስነገርሁ። ውሸቱ የአንዲት ልጅ ጋብቻ አፈረሰ፤ የአዝማሪዋንም እንጀራ ዘጋ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን እስከ ዛሬ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ይህን ለዚህ መጽሔት የምጽፈው ለማልቀስ አይደለም። ነገሩ በሆነበት ቅደም ተከተል እንዲቀመጥ ነው። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ ከዚያ በቀር ምንም አልለወጥሁም።

ተወልጄ ያደግሁት ወረታ ነው። አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ሲሆን የአፈር ሳይንስ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የሚያውቁኝ በአንድ ጥያቄ ነው፦ «ማስረጃህ የት አለ?» ይህን ጥያቄ መመለስ ያቃተውን ሰው አላሳልፍም።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ደሳለኝ የሚባል የአገሬ ሰው ሊያገባኝ ሽማግሌ ልኮ ቀን ተቆርጦ ነበር። በመካከሉ ዘመዶቹ ዘር ሲቆጥሩ የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ እንደነበረች ደረሱበት። በእኛ አገር ሸክላ የሚሠራውንና ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው «ዓይኑ ይበላል» ይሉታል። እንስራውን ይገዙታል፤ በቀጠቀጠው ማረሻ ያርሳሉ፤ ልጁን ግን አያገቡም። ሽማግሌዎቹ ለመጨረሻ ጊዜ መጥተው «እስቲ እናስብበት» ብለው ወጡ። አልተመለሱም። ደሳለኝ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ታናሽ እህቱ ሰብለ ብቻ፣ ለብዙ ሳምንታት ከትምህርት ቤት ስትወጣ ደብተሯን ይዛ ወደ እኛ ቤት ትመጣ ነበር። የቤት ሥራዋን የማሳያት እኔ ነበርሁ፤ ነገሩ መፍረሱን የነገራት ሰው አልነበረም።

መጀመሪያ በተናገርሁት የጥር ቀን ከአዲስ አበባ የመጡ ሁለት የሥራ ባልደረቦቼን ይዤ ፎገራ ሜዳ ላይ አረፈድሁ። ሩዙ ታጭዶ፣ በቀረው እርጥበት ላይ ጓያ በቅሎ ነበር። የአፈር ናሙናችንን ሰብስበን እንደጨረስን እንግዶቹ «አገርሽ መጥተን ዘፈን ሳንሰማ አንመለስም» አሉኝ። መጀመሪያ የገባንበት ቤት ኪቦርድና ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች ነበሩት፤ መነጋገር ስላልቻልን ወጣን። ሁለተኛው ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ ከሚገነጠልበት አጠገብ ያለ የአዝማሪ ቤት ነው። ባለቤቷ እትዬ ብርቄ ይባላሉ።

የምትዘፍነው ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች፤ ባሏ ማሲንቆ ይመታል። ገና ተቀምጠን ሳንጨርስ ራሰ በራ የሆነውን ባልደረባዬን አየችውና እንዲህ አለች፦

ባርኔጣ አምጡለት፣ ይሸፈን እራሱ፤
የፎገራ ፀሐይ፣ አይራራም ለእሱ።

ቤቱ ሣቀ። እሱም ሣቀ፤ ደስ ብሎት ግንባሯ ላይ ብር ለጠፈላት። የቤቱን ወግ አስረዳኋቸው። እንግዳ ግጥም ማቀበል ሲፈልግ «ተቀበዪ!» ብሎ ጮክ ብሎ ይሰጣታል፤ እሷም ያንኑ መልሳ ትዘፍነዋለች። ጮክ ብሎ የሚሰጠው የግጥሙ ባለቤት እንዲታወቅ ነው። አዝማሪ የተሰጣትን አትመልስም፤ «ይህ ይቅርብኝ» አትልም። ይህን ሁሉ በመማሪያ ክፍል እንደማደርገው በዝርዝር አስረዳሁ።

በዚህ መካከል ከመስኮቱ ሥር ያለውን ገበታ አየሁ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አራት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ቄስ ናቸው። ጋባዣቸው ደሳለኝ ነበር። ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቷል፤ ከዚያ ሌላ አልተለወጠም።

«ሰብለን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ከይፋግ» አለችኝ የቤቱ ታዛዥ፣ ዓይኔን ተከትላ። «ነገሩ አልቋል። ዛሬ ማሳረጊያው ነው።»

ደሳለኝም አየኝ። ከመቀመጫው ትንሽ ብድግ ብሎ እጅ ነሣኝ። እኔም እጅ ነሣሁ። ጥቂት ቆይታ ታዛዧ ሁለት ብርሌ ጠጅ ይዛ መጣች።

«ከዚያኛው ገበታ ነው፤ ለእንግዶቹ» ብላ ባልደረቦቼ ፊት አስቀመጠች። ሌላ ነገር ልትጨምር አፏን ስትከፍት ከጓዳ ተጠራችና ሄደች።

እኛ ሦስት ነን። ብርሌው ሁለት ነው።

እናቴ ድግስ በተጠራች ቁጥር የራሷን ዋንጫ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ትሄድ ነበር፤ ዋንጫ እስኪከለክሏት አትጠብቅም። ልጅ ሳለሁ ንጽሕና ወዳድ ስለሆነች ይመስለኝ ነበር። እነዚያን ሁለት ብርሌዎች ሳይ የታየኝ የነጠላዋ ቋጠሮ ነው። ደሳለኝ ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላም በአንድ ገበታ ላይ ዋንጫ ነፈገኝ ብዬ ደመደምሁ። ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ብዬ አልጠየቅሁም። ማስረጃ አልፈለግሁም።

«አሁን የአንቺ ተራ ነው፤ አቀብያት» አለኝ ራሰ በራው ባልደረባዬ።

ይታይሽን በእጄ ጠራኋት። ስትጠጋ ግጥሙን በጆሮዋ ነገርኋት። ዐይኖቿ ወደ መስኮቱ ሄደው ተመለሱ።

«እመቤቴ፣ ይኸ በሽማግሌ ፊት ይባላል?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ወጉን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ተቀበዪ።»

ከዚያ ወደ ባሏ ዞራ ምቱን እንዲያበርደው በእጇ ምልክት ሰጠችው፤ ዘፈነችውም፦

አደራ ሽማግሌ፣ አደራ ቆጠራ፤
በሙሽሪት አያት ቤት፣ ወናፍ ነበር ሥራ።

ወናፍ የብረት ቀጥቃጭ መሣሪያ ነው፤ እሳት ይነፋበታል። የሰብለ አያት ቀጥቃጭ መሆኑን ከማንም ሰምቼ አላውቅም። በዚያች ደቂቃ የፈጠርሁት ነው።

ራሰ በራው ባልደረባዬ አጨበጨበ፤ አልገባውም። ከእሱ በቀር ያጨበጨበ አልነበረም። ቄሱ ብርሌያቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ማን አቀበለሽ፣ ልጄ?» አሉ።

ይታይሽ መሬት መሬት አየች። «ከአፌ ወጥቷል፣ አባቴ። የእኔ ነው።»

«ማን አቀበለሽ ነው የምልሽ!»

«የእኔ ነው አልሁ እኮ፣ አባቴ።»

እኔ ከእሷ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጬ ነበር። ለመነሣትና «እኔ ነኝ» ለማለት በቂ ጊዜ ነበረኝ። አልተነሣሁም። ባልደረባዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ «ወናፍ ቢሆን ምን አለበት?» ሲለኝ፣ ስለ ዕደ ጥበብ ሠሪዎችና ስለ ጋብቻ ክልከላ በተረጋጋ ድምፅ አብራራሁለት። የራሴ አያት ሸክላ ሠሪ እንደነበረች አልነገርሁትም።

እትዬ ብርቄ ከጓዳ ወጥተው ይታይሽ ፊት ቆሙ። «የሰው ድግስ ማፍረሻ አደረግሽው ቤቴን? ማሲንቋችሁን አንሡ!» ባሏ ማሲንቆውን ከጨርቁ ከተተ። ሽማግሌዎቹም ተነሡ። ከመካከላቸው አንዱ ደሳለኝን ሳያዩት «እስቲ እናስብበት» ሲሉ ሰማሁ።

ቃሉን አውቀዋለሁ።

ደሳለኝ ተከትሏቸው ወጣ። በሩ ገና ሳይረጋ ታዛዧ በብርጭቆ ብርዝ ይዛ እየሮጠች ገባች፤ አቧራ ለብሳለች።

«ይቅርታ፣ ዶክተር፤ ዘገየሁብሽ። ቅድም ጋሼ ደሳለኝ ናቸው ያዘዙልሽ። ‹እሷ ጠጅ አትቀምስም፤ ብርዝ ነው የምትወድ› ብለው። እኛ ዘንድ አልቆ ነበርና ከማዶ ቤት ነው ያመጣሁልሽ» ብላ ፊቴ አስቀመጠችው።

እውነት ነው፤ ጠጅ ቀምሼ አላውቅም። ብርዝ እወዳለሁ። ይህን የሚያስታውስ ሰው አለ ብዬ አልገመትሁም ነበር። ብርጭቆውን አንሥቼ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት፤ ሌላ ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ከፋሲካ በኋላ አክስቴ የሆነውን ሁሉ ነገረችኝ። ይፋጎቹ ቀርተዋል። ሰብለ የሰው አፍ ሲበዛባት ወረታን ትታ አንበሳሜ ካለች ዘመዷ ቤት ተጠግታለች። አሁን ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ በእኔ ላይ የደረሰው ሲደርስ እኔም በዚያው ዕድሜ ላይ ነበርሁ። ይታይሽን «ሽማግሌ የበተነች» ብለዋታል፤ በወረታም ሆነ በዙሪያው ሠርግ የሚጠራት የለም።

በግንቦት ይታይሽን ፍለጋ ሐሙሲት ሄድሁ። ከመንገድ ዳር ባለ ምሳ ቤት፣ አውቶቡስ ሲቆም ለተሳፋሪ ትዘፍናለች። ባሏ ማሲንቆውን ሰቅሎ የሰው መሬት ያርሳል። ስለዚህ የማሲንቆ ድምፅ በስልክ ከፍታ በላዩ ላይ ነው የምትዘፍነው። ምሳ ሰዓቱ አልፎ ቤቱ እስኪቀል ጠበቅኋት።

«እርስዎን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኋት።

«አንቱታው ይቅርብኝ፣ እመቤቴ። ያን ለት ‹አንቺ› ብለው ነው ያዘዙኝ፤ ለምጀዋለሁ።»

«ለምን ስሜን አልጠራሽም?»

«አዝማሪ ያቀባዩን ስም እያወጣች እንዴት ትኖራለች? ‹ማን አቀበለሽ› ሲሉኝ ወደ እርስዎ አላየሁም፤ ዓይኔ እንዳያሳብቅብዎ ብዬ። ጆሮዬን ግን ወደ እርስዎ ጥዬ ነበር። አሁን ይነሣሉ፣ አሁን ይነሣሉ ስል…» ስልኳን ዘጋችና ማሲንቆው ቆመ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እውነት ነበር?»

«አልነበረም።»

ከት ብላ ሣቀች። «አይ እመቤቴ! እኔስ የተማረ ሰው አጣርቶ ነው የሚናገር ብዬ!»

«ምን ላድርግልሽ?»

«ለእኔ አይደለም። እኔ የሰጡኝን ተቀብዬ አደረስሁ። ያደረስሁበት ቤት አለ፤ ሄደው እዚያ ይመልሱት።»

በሰኔ ለደሳለኝ ደብዳቤ ጽፌ በአክስቴ እጅ ላክሁ። ያደረግሁትን ሁሉ ጻፍሁለት። ደብዳቤውን ተቀብሏታል፤ በፊቷም አንብቦታል። መልስ አልሰጠም። ዝም ማለት ይችልበታል፤ እኔም እንደምችልበት ያን ቀን አረጋግጫለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ የከፋ ዘር ነው የሚለውን ወሬ በሕይወቴ አንድ ቀን አምኜበት አላውቅም። የማላምንበትን ነገር፣ እንደሚጎዳ ስለማውቅ ብቻ አንሥቼ በአንዲት ልጅ ላይ ጣልሁት። አያቴን የገፉበትን ቃል ነው የተጠቀምሁት፤ እነሱ እንኳ ያመኑበትን ነበር የተናገሩት።

የመጽሔቱ አንባቢዎች ይቅር እንዲሉኝ አልጠይቅም፤ የበደልሁት እነሱን አይደለም። የሚከተለው ለደሳለኝ ነው፤ ወረታ ውስጥ ይህን መጽሔት የሚያነብ ሰው እንደሚያደርስለት አውቃለሁ።

ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት ስለነበረው ዝምታህ ይቅር አላልሁህም፤ አሁንም አልልህም። ያ ለብቻው ይቆይ። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። አራቱን የይፋግ ሽማግሌዎች በዚያው ቤት፣ ሰብለና ይታይሽ ባሉበት፣ ሰብስበህ በፊታቸው እንድቆም ታደርጋለህ ወይስ አታደርግም? ግጥሙን ያቀበልሁት እኔ መሆኔን፣ ያስነገርሁትም ውሸት መሆኑን በግልጽ እናገራለሁ። ውሸት መሆኑን ስናገር ግን የቀጥቃጭ ልጅ መሆን ነውር ነው ማለቴ እንዳይመስል፣ እዚያው ቆሜ የአያቴን ስምና ሥራ እጠራለሁ። በሰው ፊት ጠርቼው አላውቅም።

የምትፈቅድ ከሆነ ቀኑን ጻፍልኝ። የማትፈቅድ ከሆነም «አልፈቅድም» ብለህ ጻፍ። «እናስብበት» ግን መልስ አይደለም።