ዳሌዬ ይደንዝዝ፣ ፊደሌ ይቆይ

ውሃ በጠፋበት ሳምንት ጀሪካን ተሸክሜ የልደታ ኮንዶሚኒየምን ደረጃ ስወጣ ተንሸራተትኩና የዳሌዬን አጥንት ሰበርኩ። ደረጃውን የሠራውን ሰው እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ስረግመው ሄድኩ። ከበሩ በኋላ ተራው የሐኪሞቹ ሆነ።

በጀርባዬ ዝም ብዬ ስተኛ ሕመሙ ይቻላል። አንሶላ ሊቀይሩ ወደ ጎን ሲያዞሩኝ ግን ጩኸቴ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። ቀዶ ሕክምናው ለማግስቱ ተቀጥሯል። አንዲት ወጣት ዶክተር መጣችና፣ "አባባ፣ እስከዚያ እንዳይሰቃዩ ነርቭዎን እናደንዝዘው" አለችኝ።

"አይሆንም!"

ምክንያት ነበረኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የሠራሁበት ቤት ሁሉ ስሜ "ደነዝ" ነበር። ዛሬ ጋዜጣ አነባለሁ፤ ይኸው እጽፋለሁም። በእኛ ሰፈር ደግሞ "ነርቩ ተነካ" የሚባለው ጭንቅላቱ ለተቃወሰ ሰው ነው። እንግዲህ ነርቭ ሲደነዝዝ ጭንቅላትም ይደነዝዛል፣ ፊደሉም ይሄዳል ብዬ ደመደምኩ። በስንት መከራ ያገኘሁትን በአንድ መርፌ ላስወስድ? በሕመሙ ልሙት!

ራስጌዬ ለቆመችው ሚስቴ ይህንኑ ነገርኳት። "ያንተ ነርቭ ድሮም የተነካ ነው" አለች። "ቢደነዝዝ እኛም እናርፍ ነበር።"

አጠገቤ የተኛው ጡረተኛ ከት ብሎ ሳቀ። እሱም ዳሌውን ሰብሮ የመጣ ነው፤ ጠዋት ተወግቶ ሕመሙ ለቆታል። "እኔን ብሽሽቴ ላይ ወጉኝ" አለ። "ጭኔን ስነካው የሌላ ሰው ጭን ነው የሚመስለኝ። ጭንቅላቴ ግን እንዳለ ነው፤ የአማቴን ክፋት አንዱንም አልረሳሁ።"

ዶክተሯ ሳቋን ዋጥ አደረገች። "የሳቸው መርፌ ሕመሙንም ይወስዳል፣ ጭንንም ያዝላል። ሌላ ዓይነትም አለ፤ ጠለቅ ብሎ ከዳሌው አጥንት አጠገብ ይወጋል፤ ጭንን ያን ያህል አያዝልም።"

"የትኛው ነው ከራስ የሚርቀው?"

"ሁለቱም ራስ ጋ አይደርሱም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ትንሽ የሚወስደውን ስጪኝ" አልኳት።

በትንሽ ስክሪን እያየች ወጋችኝ። ጥቂት ቆይታ ሁለታችንንም "ጭናችሁን ጠበቅ አድርጉ" አለችን። የኔ ጠበቅ አለ። የጡረተኛው አልታዘዝ አለው።

"ለኔ አሮጌውን ነው የሰጡኝ!" ብሎ ጮኸ።

"አሮጌ አይደለም። ሕመምዎ ለቆዎት የለ እንዴ?"

"መልቀቁንስ ለቆኛል፤ ግን ከዚህ ነጭናጫ በምን አንሼ ነው?"

እኔ ሆዬ ጭኔ መች አሳሰበኝ! ሁለት ነርሶች አንሶላውን ሊቀይሩ መጡና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞሩኝ። ልጮኽ አፌን ከፍቼ ነበር፤ የሚያስጮኽ ነገር አጣሁ። ፊት ለፊቴ ግን ጽሑፍ ተለጥፏል። ፊደሌ እንዳለ ልፈትሽ ብዬ አፈጠጥኩበት። የመጀመሪያዋን ፊደል አየኋት፤ "ጮ" ናት። አለች! ቀጥዬ "ክ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይያዘኝ፤ ክፍሉ እስኪናጋ ድረስ፣ "ጮክ - ብሎ - መነጋገር - ክልክል - ነው!" ብዬ ለቀቅኩት።

አንዷ ነርስ ክው አለች። "ኧረ አባባ! በሽተኛ ተኝቷል እኮ፤ ማንበብ አይችሉም እንዴ?"

"እችላለሁ!" አልኳት። "ልድገምልሽ?"