ሐረግ የመሰለው የክሊኒካችን ታፔላ

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ሰሞን፣ ጋምቤላ ከተማ ውስጥ የአንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበርኩ። ታፔላችንን የጻፈልን ሰዓሊ «ክሊኒክ» የምትለዋን ቃል እንደ ሠርግ ካርድ አስጊጦ፣ የፊደሎቹን እግር እንደ ሐረግ ጠምዝዞ፣ ዙሪያውን አበባ በአበባ አድርጎ ሰቀለልን። እኔ በበኩሌ ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ኡጁሉ የሚባሉ ሽማግሌ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባታቸውን አጥብቀው ገቡና ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ።

«ምንዎን ነው የሚያምዎት አባቴ?»

«ምንም አያመኝም።»

«ታዲያ ምን ልርዳዎት?»

«ልጄ ሩቅ አገር ሄዷል። ፊቴን እንዳይረሳው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሞታቸው የታወቃቸው መሰለኝ። ቶሎ ብዬ ግፊታቸውን ለካሁ፣ ምላሳቸውን አስወጥቼ አየሁ። ሁሉንም ዝም ብለው እሺ አሉኝ። ልባቸውን ላዳምጥ ሸሚዝዎን ያውልቁ ስላቸው ግን ተቆጡ።

«ልጄ እንዲህ ራቁቴን ሊያየኝ ነው?»

«ልጅዎ እዚህ የሉም እኮ» አልኳቸው፣ ይብስ ግራ ገብቶኝ።

እያጉረመረሙ አወለቁ። ልባቸው እንደ ጎረምሳ ልብ ይመታል።

«ደስ ይበልዎት፣ ፍጹም ጤነኛ ነዎት!» አልኳቸው።

ሸሚዛቸውን ቆልፈው፣ ክራባታቸውን አስተካክለው፣ ክፍሉን ዙሪያውን ቃኙና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁኝ፦

«ወንድሜ፣ እንዲህ ያማረ ፊደል የሚለጥፍ ፎቶ ቤት ሁሉ፣ ሰውን ከማንሳቱ በፊት ይመረምራል?»