ዘርፈሽ የለችም

ዘርፈሽ ሞታለች የሚለውን ወሬ ወደ ሻይ ቤታችን ያመጣው ሳሃል ነው። የሲሚንቶ ፋብሪካ አክሲዮኑን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ሄዶ፣ የቢሮው ሰው «የድሬዳዋዋ ባለአክሲዮን ወይዘሮ ዘርፈሽም አርፈዋል፤ ወራሽ ጠፋ» ብሎታል። ሳሃል ሲጀምር ድርሻዋ ጥቂት ነበር። ሻዩ ሲቀርብ የፋብሪካው ግማሽ ሆነ፤ ስኳሩ ተማስሎ ሲያልቅ ፋብሪካው ከነተራራው የእሷ ነበር።

«ትናንት አሸዋ ገበያ ፓፓያ ስታገላብጥ አይቻታለሁ» አልኩ። «የሞተ ሰው በሰለ አልበሰለ ብሎ ይጨቃጨቃል እንዴ?»

«አናገርካት?»

አላናገርኳትም። ከመካከላችን ዘንድሮ ያናገራት ማን እንደሆነ ስንፈላለግ ሻዩ ቀዘቀዘ። በድሬ ሙቀት ሻይ ቀዘቀዘ ማለት ምን ያህል እንደቆየን አገሬው ያውቀዋል።

ለልቅሶም ለማጣራትም ይሁን ብዬ ቤቷ ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተች።

«ማን ሞተ?» አለች ፊቴን አይታ።

«አንቺ።»

«ውይ! ግባ በል፣ ለቀስተኛ በር ላይ አይቆምም።»

ዘርፈሽ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጣች፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ባሏን የቀበረች፣ ልጅ የሌላት ሴት ናት። አክሲዮኑን የገዙት ባሏ በሕይወት ሳለ ነው። በዓመት አንዴ «የተከበሩ ባለአክሲዮን፣ በስብሰባው ላይ እንዲገኙልን» የሚል ደብዳቤ ይመጣላት ነበር። እኛ ድሬዎች ሚኒስትርም ቢመጣ «አንተ፣ ና ቁጭ በል» ባዮች ነን፤ በከተማው ሙሉ ዘርፈሽን አንቱ የሚላት ያ ደብዳቤ ብቻ ነበር። እሱም ቀረ። ቅርንጫፍ ቢሮውን ሄዳ ብታይ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ደጇ ላይ ሞተር ሳይክል ቀስ ባለ ቁጥር ደብዳቤ የመጣ መስሏት ከመቀመጫዋ ትነሳለች።

«አክሲዮኑን ስንገዛ ስልክ ብለው ሲጠይቁኝ የሀሊሞን ሱቅ ነበር የሰጠኋቸው» አለችኝ።

ሀሊሞ የድሮ ጎረቤቷ ናት፤ ሱቋን ከነስልኩ ነቅላ ከከተማው ወጣ ብላ መልካ ጀብዱ ገብታለች። በባጃጅ ሄድን። ነገሩን ስትሰማ ግንባሯን መታች።

«ወላሂ ደውለዋል! አንድ ሰውዬ ‹ወይዘሮ ዘርፈሽ አሉ?› አለኝ። ‹የለችም› አልኩት። እዚህ የለሽማ!»

«ከዚያስ?»

«‹ከመቼ ጀምሮ?› አለ። ‹ኧረ ቆየ› አልኩት። በርበሬ እየመዘንኩ ነበር፣ አስነጠሰኝ። ‹ነፍስ ይማር› ሲል፣ ‹ይማርሽ› ያለኝ መስሎኝ ‹አሚን› አልኩት!»

ዘርፈሽ እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ቀድሞ አለቀ፤ እንባው ትንሽ ቆየ።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሞቼ» አለች፣ «ልቅሶ የመጣው ዛሬ ነው?»

ሳሃል በሰጠኝ የአዲስ አበባው ቢሮ ቁጥር ደወልኩና ስልኬን ድምፁን ከፍቼ ባንኮኒው ላይ አኖርኩላት።

«ስለ ዘርፈሽ አክሲዮን ነበር» አለች።

«ለሟች ምናቸው ነዎት?»

«ከእኔ ሌላ የላትም።»

«እግዜር ያጽናዎት። ወራሽነትዎን በፍርድ ቤት ሲያረጋግጡ ምርጫ አለዎት። የተጠራቀመውን ትርፍ ልውሰድ ካሉ፣ ግብሩ ተቆርጦ ባንክ እናስገባልዎታለን፤ ከዚያ በየጊዜው መገናኘት አያስፈልገንም። ትርፉ እዚያው ይቆይና ካፒታል ይደግበት ካሉ ግን ግብር አይቆረጥም፤ በየዓመቱ እየጻፍን ፈቃድዎን እንጠይቃለን።»

ሀሊሞ በክርኗ ጎሸመቻት። «ውሰጂ! ፍሪጅ ግዢ!»

«በየዓመቱ ትጽፋላችሁ?» አለች ዘርፈሽ።

«እንዴታ።»

«‹የተከበሩ› ብላችሁ?»

ሰውዬው ግራ ገባው። «አዎ… የተከበሩ ብለን።»

«እንግዲያው ካፒታሉ ይደግ። በዘርፈሽ ስም ይቀጥል።»

«በሟች ስም እኮ አይሆንም። እሳቸው የሉም።»

ዘርፈሽ ሻሿን አስተካክላ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«አለሁ» አለችው።