የታመነው መንገደኛ ሮይስ ሄምብሪ

ሮይስ ሄምብሪ መንግሥትን ይጠላ ነበር። መንገድ ስለሚቆፍር ይጠላዋል፣ መንገድ ስለማይጠግንም ይጠላዋል፣ ብቻ መንግሥት ስለሆነ ይጠላዋል። ኖክስቪል ውስጥ ጡረተኞች ጠዋት ጠዋት የአገሩን ለስላሳ ብስኩት በወፍራም መረቅ እየበሉ ዓለምን የሚያስተዳድሩባት አንዲት ምግብ ቤት አለች። እዚያ ተቀምጦ “ዋሽንግተን ያሉት ሌቦች ስሜን እንኳ ባያውቁት ደስ ይለኛል” ሲል ዕድሜውን ገፋ። እነዚያው ሌቦች “ክፈል፣ የአሥር ጣትህን አሻራ ስጠን፣ ከዚያ እናምንሃለን” ባሉ ጊዜ ግን ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድሞ የተመዘገበው እሱ ነው።

ያኔ ኤርፖርት ላይ ተራው ሕዝብ ጫማውን አውልቆ፣ ቀበቶውን ፈትቶ፣ ሱሪውን በአንድ እጁ ጨብጦ በካልሲው ይፈተሽ ነበር። ከፍሎና ተመርምሮ “የታመነ መንገደኛ” የተባለው ደግሞ ከገመዱ ማዶ በአጭሩ ሰልፍ ከነጫማው፣ ከነቀበቶውና ከነኩራቱ ያልፋል። እኩልነት የተጻፈበትን የነጻነት አዋጃቸውን በመስታወት ውስጥ አኑረው የሚጎበኙ ሰዎች ሕዝባቸውን በገመድ ለሁለት ሲከፍሉ አንድም ሰው አላጉረመረመም። ሁሉም ያሰበው በየትኛው በኩል እንደሚቆም ብቻ ነበር።

“መንግሥት አምኖኛል” አለ ሮይስ ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ የታመነ መንገደኛነቱን ካርድ ከመረቁ አጠገብ አስቀምጦ።

ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ መካኒክ ቬስተር ቲፕተን ካርዱን አንስቶ ገለባበጠው። “ከአንተ ጋር ለምን ያህል ሰዓት ነው ያወሩት?”

“ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው።”

“ለዛ ነዋ” አለ ቬስተር ካርዱን እየመለሰለት። “እኛ ከልጅነትህ ጀምሮ ስለምናውቅህ ነው የተቸገርነው።”

ሮይስ ሥራው የቤተ ክርስቲያን ወንበር ትራስና የጥምቀት ገንዳ መሸጥ ነበር። እሱ በሸጠው የፋይበር ገንዳ ውስጥ ስንት ኃጢአተኛ ተነክሮ እንደወጣ ጌታ ይወቀው። እሱ ራሱ ዳግም የተወለደው ግን በገንዳ አልነበረም፣ በዚያ አጭር ሰልፍ ነው። ሲያልፍ ማዶ የቆሙትን ያያቸዋል። አይቶ ዝም ቢል ባልከፋ ነበር። “የኔ እህት፣ ውሃውን አሁኑኑ ጣይው፣ የሰው ጊዜ አትብይ” ይላል ልጅ ያቀፈች ሴት። “አንተ፣ ቀበቶ ብረት እንዳለው በዚህ ዕድሜህ አልሰማህም?” ይላል አባቱ የሚሆን ሽማግሌ። ሚስቱን ትዋይላን “በዓመት አንዴ ለምትበሪው ምን ያደርግልሻል” ብሎ አላስመዘገባትም። አብረው ሲሄዱ ገመዱ ጋ ሲደርሱ ጥሏት ይገባል፣ ስትመጣ ቡናውን ጨርሶ ጋዜጣ እያነበበ ታገኘዋለች። ይህን እንደ ጥሩ ቀልድ ለእንግዳ የሚያወራው ራሱ ነው።

አንድ መጋቢት ትራስ ሻጮች ለሚሰበሰቡበት ጉባኤ ወደ ዳላስ ሊበር መጣ። እንደ ልማዱ ማዶ ላለ አንድ ልጅ ስለ ኮካ ኮላ ጠርሙሱ ትምህርት እየሰጠው ሳለ ቦርሳው ወደ ማሽኑ ገባ፣ ገብቶም ቀረ። ፈታሿ ስክሪኑን አየች። ጓደኛዋን ጠራች። ጓደኛዋም አየ።

“ጌታዬ፣ ይህ ቦርሳ የእርስዎ ነው?”

“የኔ ነው። እኔ የታመነ መንገደኛ ነኝ፣ ካርዴን ማየት ትችያለሽ።”

“ውስጡ ምን እንዳለ ያውቃሉ?”

“ካልሲ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ የደም ግፊት መድኃኒት።”

ፈታሿ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችው። ከካልሲው ሥር፣ ከመጽሐፍ ቅዱሱ ጎን፣ ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ተጋድሟል። ቅዳሜ ተኩስ ሊለማመድ ይዞት የሄደው ቦርሳ ነበር።

“ረስቼው ነው” አለ ሮይስ። በዚያ አገር በየኤርፖርቱ ሽጉጥ ይዞ የተገኘ ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነው። ሌላው ሰው መነጽሩን እንደሚረሳው እነሱ መሣሪያቸውን ይረሳሉ። የማያውቀው ልጅ ጠርሙስ ከሩቅ የታየው ሰው የራሱ ሽጉጥ ከጉያው ሆኖ ጠፋው።

ፖሊስ መጣ። ትሁት ጎረምሳ ነው። ስሙን ሲመዘግብ ቆም አለ። “አቶ ሄምብሪ፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ገንዳ የሸጡልን እርስዎ አይደሉም?”

“ነኝ” አለ ሮይስ፣ ትንሽ ተስፋ አድርጎ።

“ያፈሳል” አለ ፖሊሱ።

ሽጉጡ ተወሰደ፣ ቅጣት ተጣለበት፣ መንግሥትም እምነቱን ለአምስት ዓመት አነሳበት። ሮይስ ይህን ለቬስተር ትንፍሽ አላለም። በዚያ በጋ “ወገቤን አሞኛል” እያለ የትም ሳይበር ከረመ።

መስከረም ላይ የወንድሙ ልጅ ሸልቢ ከአይዳሆ ደወለች። ወንድሙ ጋርላንድ በወጣትነቱ ለድንች ፋብሪካ ሥራ እዚያ ወዳለችው ቦይሲ ከተማ ሄዶ በዚያው የቀረ ነው። ሳንባው አልቋል።

“አጎቴ፣ ሐኪሞቹ ቀናት ነው የቀሩት ይላሉ። አንተን ነው የሚጠራው። ቶሎ ና።”

“ነገ ማታ እዚያ ነኝ” አለ ሮይስ፣ ከልቡ።

ትዋይላ ትኬት ገዛችለት። በማግስቱ ጠዋት ሮይስ በሕይወቱ ካየው ሁሉ ረጅም ገመድ አጠገብ ቆመ። እርግጥ ገመዱ ረጅም ሆኖ የታየው ለእሱ ነው፣ ሰዉ አርባ ቢሆን ነው። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ስቦ አንገቱን ደፋ። ከገመዱ ማዶ አንድ የሚያውቀው ድምፅ መጣ። ከእሱ ብዙ ትራስ የገዙት ፓስተር ሊንዴል ናቸው።

“ወንድም ሮይስ፣ በዚያ በኩል ምን ትሠራለህ? ወንጌል ልታደርስላቸው ነው?”

“ኮምፒዩተሩ ተበላሽቶ ነው” አለ ሮይስ።

“እጸልይልሃለሁ” አሉና ፓስተሩ ከነጫማቸው አለፉ።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከኋላው የቆመው ባለ ቆብ ወጣት በቀስታ ጠጋ ብሎ፣ “አባት፣ የጫማዎን ክር ከአሁኑ ቢፈቱት ይቀልዎታል፣ ቦርሳውን እኔ ልያዝልዎት” አለው። እንዲህ ያለ ደግነት ሮይስን ደርሶበት አያውቅም። ስድብ ቢሆን ይችለው ነበር። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ። ቀና ብሎ ገመዱን አየ። ወንድሙንና ጫማውን በልቡ መዘነ፣ ጫማው ከበደበት። ከሰልፉ ወጣ።

ከመኪና ማቆሚያው ደወለ። “ትዋይላ፣ በመኪና ልሄድ ነው።”

“አይዳሆ?”

“ሰዉ በዝቷል። ሺህ ሰው ነው ያለው። ተራው አይደርሰኝም።”

“በመኪና ሦስት ቀን ነው፣ ሮይስ።”

“እፈጥናለሁ።”

“ወንድምህ ሦስት ቀን የለውም።” ወዲያውም እንዲህ አለችው፦ “ማን አየህ?”

“ማንም አላየኝም” አለና ስልኩን ዘጋው።

ነዳ። ሚዙሪን በብስጭት ነዳ፣ ካንሳስ ሲቲን በዝናብ አለፈ። ባደረበት ሞቴል ለብ ያለ እንቁላልና የወረቀት ጣዕም ያለው ዳቦ በላ። ቤቱ አልደወለም፣ ትዋይላ የምትለውን ያውቀዋል። በሁለተኛው ቀን ነብራስካ ላይ ነዳጅ ሲቀዳ ሸልቢ ደወለች፣ ስልኩንም ለአባቷ ያዘችለት። መጀመሪያ የሚሰማው ትንፋሽ ብቻ ነበር።

“የት ደረስክ?” አለ ጋርላንድ።

“ነብራስካ።”

“ነብራስካ ላይ አይሮፕላን ምን ያደርጋል?”

ሮይስ የነዳጁን ቧንቧ መልሶ ሰቀለ። የጋርላንድ ትንፋሽ ተቆራረጠ፣ ሮይስ ሳል መሰለው። ሳቅ ነው። “ካርድህን ቀሙህ፣ አይደል?” አለ ጋርላንድ። “ሮይስ፣ ልጅ ሆነን ወንዝ እንኳ ጫማህን አውልቀህ አትሻገርም ነበር። እኔ ነበርኩ የማዝልህ።” ከዚያ በእውነት ሳለ፣ ሸልቢም ስልኩን ወሰደችው።

ሮይስ ያን ሌሊት ሳይተኛ ነዳ። ነዳ ሊባል ይገባዋል፣ ይህን አልነሳውም። ግን ዋዮሚንግ የሮይስን ጸጸት ሰምታ የምታጥር አገር አይደለችም። ቦይሲ ሲደርስ የሸልቢ ቤት ደጃፍ ላይ የጎረቤት መኪኖች ተደርድረዋል፣ ሰዎች በፎይል የተሸፈነ ምግብ ይዘው ይገባሉ። ጋርላንድ ጠዋት አርፏል።

ማድ ቤት ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታ ሳህን የምታጥብ ሴት አየ። ትዋይላ ናት።

“አንቺ መቼ መጣሽ?”

“ስልኩን የዘጋህብኝ ቀን ማታ።”

“በምን?”

“በአይሮፕላን ነዋ። እንደ ሰው ተሰልፌ።” ሳህኑን አጥባ አስቀመጠች። “ለአንተ የገዛሁት ትኬት አይመለስም አሉኝ፣ ሌላ ገዛሁ።”

ሮይስ ወንበር ፈልጎ አጣ። “ጋርላንድ ምን አለ?”

“በመኪና እንደምትመጣ እኔ አልነገርኩትም ነበር። ከነብራስካው ስልክ በኋላ ሲስቅ ዋለ። ሰው በገባ ቁጥር ያወራላቸዋል። ማታ ደግሞ የት ደረሰ አለኝ፣ ዋዮሚንግ ሳይሆን አይቀርም አልኩት። ሌሊቱን አንዴ ጠየቀኝ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።” እጇን በፎጣ ጠረገች። “ለአንተ የሚለው ነገር ነበረው መሰለኝ። ለእኔ አልነገረኝም።”

ሮይስ ጉሮሮውን ጠረገ። “መንገዱን ቆፋፍረውታል” አለ። “ዋዮሚንግን በሙሉ። ይሄ መንግሥት እኮ...”

ሸልቢ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ዓይኗ አብጧል። እስኪጨርስ ጠበቀችው፣ እሱ ግን አልጨረሰም። “አጎቴ” አለችው፣ “ከቤተ ክርስቲያን የተዋስናቸው ወንበሮች መኪና ላይ ናቸው። ሰው ቆሟል። ብታመጣቸው።”

ወጣና ተጣጣፊ ወንበሮቹን ሁለት ሁለት እያደረገ ማመላለስ ጀመረ። ትራስ አልነበራቸውም። ከማያውቃቸው ሰዎች አንዱ በሩን ያዘለት፣ ሮይስም “አመሰግናለሁ” አለና ጎንበስ ብሎ ገባ።